ዘጠነኛው ጥያቄ

ሕጉ ክፉ ሕግ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የምነግራችሁ ሁሉ አሽሙር ይመስልብኛል። እኔ ዘምዘም ይመር፣ ከሎግያ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የሜዳ ተሽከርካሪዎች መረከቢያ ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ቃል ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከመንገድ ወጥቶ ሜዳ ላይ በግድየለሽነት ሲነዳ የተገኘ መኪና ወደ እኛ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ከተገኘ አይመለስም፣ ይወረሳል። ተወርሶ ደግሞ ለማንም አይሸጥም፣ ይጨፈለቃል።

የሚመጣውም ራሱ ነው። ሦስተኛው ምልክት ከተያዘበት አሥር ቀን ይሰጠዋል፤ በአሥረኛው ቀን ጠዋት መሪው ከባለቤቱ እጅ ይወጣና መኪናው መንገዱን ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ውስጥ ከተቀመጠ እሱንም ይዞት ይመጣል። መሪው የሚመለስለት ለመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ከቢሯችን ደጃፍ እስከ ጨፍላቂው ድረስ መሬት ላይ ቢጫ መስመር አለ። ባለቤቱ ቀበቶውን አስሮ፣ በሰዓት ከአሥር ኪሎ ሜትር ሳያልፍ፣ ጎማውን ከመስመሩ ሳያስወጣ ነድቶ ያስረክባል። ያለ ጥፋት ከጨረሰ "በሥርዓት ያሽከረከረ" የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ማህተሙን የማሳርፈው እኔ ነኝ። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን እዚያው ይጥለዋል። አንድ ሰውዬ ግን አሳምሮ አጣጥፎ "ፍሬም አስገብቼ እሰቅለዋለሁ" ሲለኝ፣ እየቀለደ ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሕጉ የወጣው በ2069 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር የማያውቅ ሰው ዛሬ ቢስቅ አልፈርድበትም። ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ባለ ትልልቅ ጎማ መኪናዎች ከከተማ ተሰልፈው ይመጡ ነበር። ጨው ሜዳው ላይ ይሽቀዳደማሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይጋልቡና ማን ቀድሞ እንደሚጠመዝዝ ይወራረዳሉ፤ ይህንንም እየተቀራረጹ ይስቃሉ። ግጦሹን አርሰውት ይሄዳሉ። በአንድ የሚያዝያ ቀትር ላይ ገአስ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ግራር ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፍ እንደወሰደው በላዩ ላይ ሄዱበት። ያን ጊዜ ሁለት መቶ የሚሆኑ አፋሮች እስከ ከተማ በእግራቸው ሄደው "ወይ መኪናውን ንጠቁልን፣ ወይ እኛው እንንጠቅ" አሉ። መንግሥትም ነጠቀ። እኔ ገና ሥራ ፈላጊ ነበርኩና ዜናውን በቴሌቪዥን እያየሁ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬ ሜዳው በሙሉ ይታያል። የሚያየውን ነገር እኛ "ተመልካቹ" እንለዋለን። አይተኛም፣ አይሳሳትም፣ ጉቦ አይበላም። መኪና ከመንገድ ሲወጣ መስመር ያሰምርበታል፤ ፍጥነቱን፣ አቅጣጫውን ይጽፍና ጥፋቱን በስሙ ይጠራዋል። የሰው ድርሻ የቀረው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አነብባለሁ፣ ባለቤቱ ይመልሳል፣ ክፍሏ ድምፃችንን ትቀዳለች። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ለወጉ ነው። መኪናውን የሚያድነው ወይም የሚያስወርሰው ዘጠነኛው ብቻ ነው፦ "ከመንገድ ከመውጣትዎ በፊት አስገዳጅ ሁኔታ መኖሩን ያውቁ ነበር?"

"አዎ" ያለ ሰው መኪናው ስልሳ ቀን በእጁ ይቆይለትና ጉዳዩ ለሰው ዳኛ ይቀርባል። "አይ" ያለ ሰው በዚያው ቀን ይወረስበታል። የከተማ ልጆች ጠበቃቸውን በጆሯቸው ሰክተው ስለሚመጡ አንዳቸውም "አይ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ ጨፍላቂው የማንን መኪና ሲበላ እንደከረመ አስቡት። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላሰብኩትም።

በ2081 ሰኔ ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ነጭ ፒካፕ በሩን አልፋ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተጭኗል። መሪው ብቻውን እየዞረ፣ ከመሪው ኋላ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠውን ሰውዬ አየሁት። ያዮ ነው። ያዮ ሎኢታ፣ የዚያ ግራር ሥር የሞተው የገአስ ታላቅ ወንድም። ሁለት መቶውን ሰው ከፊት ሆኖ የመራው እሱ ነበር። ሕጉ የወጣ ቀን በቴሌቪዥን ሲናገር ያየሁት እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ለመቅዳት ሲመላለስ ተዋውቀናል።

"ያዮ፣ ምን ነካህ?" አልኩት ገና ሳይወርድ። ሰላምታውንም ረሳሁት።

"ደህና ነሽ ዘምዘም? ልጆች ደህና ናቸው? ጉልበትሽ ተሻለሽ?" አለኝ። አፋር አንቱታ አያውቅም፤ እኔም ከእሱ ጋር አንተ አንቺ ነኝ።

"ጉልበቴን ተወው! ሦስት ምልክት? አንተ?"

"ሦስት አሉኝ። እኔ አልቆጠርኩም።"

ይህችን መኪና አውቃታለሁ። ጋርዳሌ የሚባል ሰፈር አለ፣ አርባ አንድ ቤተሰብ። የቧንቧው ውሃ ከሚቆምበት እስከ እነሱ ድረስ በግመል ሁለት ቀን ነው፤ በፒካፑ ደግሞ ሦስት ሰዓት። የምትጠጣው ነፍሰ ጡር፣ የሚታጠበው ሕፃን፣ የምትታለበው ፍየል፣ ሁሉም በዚያች ሮቶ ነው። ሌላ መኪና የላቸውም። ይህን እያወቀ እንዴት ሜዳ ላይ ይጫወትባታል ብዬ ደሜ ፈላ።

አስገብቼ መዝገቡን ከፈትኩለት። ሦስት ሥዕል አለ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት። ሁለት መስመር ከግራና ከቀኝ ይነሳል። ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሳሉ ሁለቱም መንገዳቸውን ይለቃሉ፣ ቀጥ ብለው አንዱ ወደ ሌላው ይጋልባሉ። ፍጥነት በሰዓት ዘጠና። ሦስት ሜትር ሲቀራቸው ቀጥ ይላሉ። ተመልካቹ ከሥሩ "የፊት ለፊት ግጥሚያ" ብሎ ጽፎበታል።

"ይሄ እኮ የእነዚያ የዱርዬዎቹ ጨዋታ ነው!" አልኩት። "ገአስን የገደሉት!"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ያዮ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አየው። ጣቱን አንስቶ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

"ከላይ ሲያዩት እንዲህ ነው?" አለ።

"እንዲህ ነው።"

"እንግዲያውስ እውነቱን ነው። እኔም ከላይ ሆኜ ባየው እወርሰዋለሁ።"

"ከታችስ?" አልኩት፣ ትንሽ ለስለስ ብዬ።

"ከታችማ ሰው ነው። ይህ ሦስተኛው ኡንዳ ነው። ኡንዳን ታውቂዋለሽ፣ በመኪናው ጨው የሚጭነው ሽማግሌ። አቧራ አየሁ። አቧራ ካለ ሰው አለ። ሰው ካለ ደግሞ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? እሱም የእኔን አቧራ አይቶ መጣ። ወርደን ተቀመጥን።"

ወይ ጉድ! ተቀመጥን አለኝ። እኔ ሎግያ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እናቴ ከባቲ መጥታ ነው የወለደችኝ። ዳጉን የማላውቅ አይደለሁም። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ከተገናኙ አይተላለፉም፤ ቁጭ ይላሉ። ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ምን ዓይነት እንግዳ አለፈ፣ አንዱ ይጠይቃል ሌላው ይናገራል። በዓይኑ ያየውን "አየሁ"፣ የሰማውን "ከእገሌ ሰማሁ" ብሎ ለይቶ ነው የሚናገረው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዳጉ ላይ ዋሽቶ የተገኘ ሰው ዳግመኛ አይጠየቅም፤ ጎሳውም አብሮት ያፍራል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እግረኞች ሲያደርጉት ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። በመኪና ሲሆን፣ ከሰማይ ሲታይ፣ በሰዓት ዘጠና ኪሎ ሜትር ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሥዕሉን መልሼ አየሁት። ሦስት ሜትር ላይ ቀጥ ካሉ በኋላ ክፍተት አለ። አሥራ ስምንት ደቂቃ። ተመልካቹ የሚመዘግበው እንቅስቃሴ ነው፤ የቆመ መኪና አይመለከተውም። አሥራ ስምንቱን ደቂቃ ባዶ ትቶ ያልፋል። ከዚያ ሁለቱ መስመሮች ቀስ ብለው ወደየመንገዳቸው ይመለሳሉ።

የድሮ መዝገቦችን ከፈትኩ። የከተማ ልጆቹ መስመር ይመጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ዞሮ እንደገና ይመጣል፣ እንደገና። የሌሎቹ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይለያያል። ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይለያያል። አሥራ አምስት ደቂቃ ክፍተት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። የእያንዳንዱ ባለቤት ስም ከሥሩ አለ፣ ከስሙ ሥር ደግሞ የእኔ ማህተም። ስልሳ ላይ ስደርስ መቁጠሩን ተውኩት።

"ለምን ዳጉ ነው አላላችሁም?" ብዬ ጮህኩበት። ሰው ራሱ ላይ ሲናደድ ሌላው ላይ ነው የሚጮኸው።

"ብለናል እንጂ። 'ለምን ወጣህ?' ስትይን 'ሰው አይቼ' እንላለን። አንቺ ምን ጻፍሽ?"

የጻፍኩትን አውቀዋለሁ። ቅጹ ላይ አምስት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፦ ሕመም፣ ብልሽት፣ ጎርፍ፣ እንስሳ፣ ከአደጋ ሽሽት። "ሰው" የሚል የለም። ስለዚህ "ያለ በቂ ምክንያት" ብዬ ጽፌያለሁ። ሁሌም።

"ስልክ የለህም ወይ?" አልኩት የሞት ሞቴን።

"አለኝ። ኡንዳም አለው። ግን ኡንዳ ያየውን ምን ብዬ ደውዬ እጠይቀዋለሁ? ማየቱን አላውቅ!"

ያን ዕለት ኡንዳ ምን ነገረህ አልኩት። ነገረኝ። ኡንዳ የመጣው ከጋርሳ ጉድጓድ በኩል ነው። ጉድጓዱ ዳር አምስት ፍየልና አንድ ጅብ ሞተው አይቷል። ውሃው ሽታ የለውም፣ ሲታይም ጥሩ ውሃ ነው፤ ግን ዝንብ እንኳ አያርፍበትም። የጋርዳሌ ሰዎች ደግሞ በዚያው ሳምንት ከብቱንም ልጆቹንም ይዘው ወደ ጋርሳ ሊሰፍሩ ጓዛቸውን ጭነው ነበር። ያዮ በዚያች ፒካፕ ገስግሶ ደርሶ መለሳቸው። አንድም ሰው አልሞተም። በኋላ ጤና ባለሙያዎች መጥተው የባትሪ ዝቃጭ ነው አሉ።

ይህን ስሰማ ከወንበሬ ተነሳሁ። "በቃ! ድነሃል!" አልኩት። እጁን ይዤ እየጎተትኩ ወደ ግቢው አወጣሁት። ክፍሏ ትቀዳለች፣ ግቢው ግን አይቀዳም። ከፒካፑ ኋላ፣ ሮቶው ጥላ ውስጥ አቆምኩት።

"ስማኝ። አሁን ገብተን ጥያቄዎቹን አነብልሃለሁ። ዘጠነኛው ላይ 'አስገዳጅ ሁኔታ መኖሩን ታውቅ ነበር ወይ' ይላል። አዎ ትላለህ። ከዚያ ነገሩን ሰው ያየዋል። ሰው ካየው ይገባዋል፤ አርባ አንድ ቤተሰብ እኮ ነው ያተረፍከው!"

"ከመውጣቴ በፊት ነው የሚለው?"

"አዎ፣ ከመውጣትህ በፊት።"

"ከመውጣቴ በፊት አላውቅም ነበር።"

"ያዮ!"

"ባውቅማ ምን ያስኬደኛል? ስለማላውቅ እኮ ነው የሄድኩት።"

ነገሩ ልክ ነው። ልክ ስለሆነም ይበልጥ አበሸቀኝ። የኡንዳ ወሬ ሕይወት የሚያድን ሊሆን፣ ስለ ጠፋች ግመል ብቻም ሊሆን ይችል ነበር። ሲሄድ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቅጹ ደግሞ የሚጠይቀው መጨረሻውን አውቀህ ተነስተሃል ወይ ብሎ ነው።

"ማንም አይጎዳበትም" አልኩት። "ልጆቹን አስብ። ሚስትህን አስባት፣ ሁለት ቀን ግመል ስትነዳ። ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት፤ አዎ በልና ውሃህን ይዘህ ሂድ።"

ሮቶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ግማሽ ያህል ውሃ አለበት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሰው ሁሉ አፋር አያለቅስም ይላል፣ ውሸት ነው።

"ገአስን የገደለው ልጅ ፍርድ ቤት ቆሞ 'ግመል ገባብኝ' አለ" አለኝ። "ግመል አልነበረም። ዱካውን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ዳኛው አምኖት ፈታው። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይህን ሕግ ስጡን ብዬ የሄድኩት። አሁን ለመኪና ብዬ እኔም ግመል ላስገባ?"

"ያንተ ከዚያ ጋር አይገናኝም።"

"ለእኔ ይገናኛል።"

ገባን። ጥያቄዎቹን አነበብኩ። ሰባተኛው ላይ አቁሜ ውሃ ጠጣሁ። ዘጠነኛውን ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩለት፤ ዓይኔንም ዓይኑ ላይ ተከልኩ። እለምነው ነበር፣ በዓይኔ።

"አይ" አለ። "አላውቅም ነበር።"

ስክሪኑ ከሰከንድ በላይ አልፈጀበትም። ውርስ።

ሮቶው ውስጥ የቀረውን ውሃ ግቢያችን ባሉት በርሜሎች ገለበጥን፤ መልሶ የሚወስድበት ነገር የለውም። ከዚያ መሪው ተመለሰለት። ቀበቶውን አሰረ። መስታወቱን አስተካከለ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ሁለት መቶ ሜትሯን በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ነዳት። ጎማው ከመስመሩ አልወጣም። ሲወርድ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ጨፍላቂው ሥራውን በአርባ ሰከንድ ይጨርሳል፤ ሮቶው መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ድምፅ አሰማና ሌላው በዝምታ አለቀ። የምስክር ወረቀቱን ስሰጠው ተቀብሎ አነበበው። "በሥርዓት" ብሎ ሳቀ፤ ጣቱን ቃሉ ላይ አድርጎ።

የሚሄድ መስሎኝ ነበር። በዚያ ፈንታ ከቢሮው ግድግዳ ጥላ ሥር ቁጭ አለና "ተቀመጪ" አለኝ። ተቀመጥኩ።

"ምን አየሽ?" አለኝ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው ዳጉ እየጠየቀኝ እንደሆነ የገባኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከአፋር ጋር ስኖር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ የእኔ ሥራ መጠየቅ ነበር። እንግዲህ ያየሁትን ነገርኩት። ተመልካቹ አሥራ ስምንቱን ደቂቃ እንደማያይ ነገርኩት። ስልሳ መዝገብ ቆጥሬ እንዳቆምኩ ነገርኩት። እኔ እንዳተምኩባቸው ነገርኩት። እሱም መሃል መሃል ላይ እየገባ "ይህን አየሽ ወይስ ሰማሽ?" ይለኛል። ዘጠነኛው ጥያቄ ምን እንደሚልም ከነቃሉ አስደገመኝ። ሲጨርስ ዱላውን ይዞ ተነሳ፣ "አላህ ያቆይሽ" አለኝ፣ በእግሩ ሄደ። ወደ ጋርዳሌ ሦስት ቀን ነው።

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ አንዲት የአፋር ሴት መኪናዋ ይዟት መጣች። ሁለት ተኩል ቀን ከሚያስኬድ ቦታ ነው የመጣችው፤ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ገና ከመቀመጧ "አሥራ ስምንቱን ደቂቃ የማያየው የቱ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላ "ዘምዘም አንቺ ነሽ? አዎ በል ያልሽው አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

ወላሂ፣ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ያዮ ተናግሯል። ያን በሮቶው ጥላ ሥር፣ ማንም በሌለበት፣ ለእሱ ብዬ ያልኩትን። ቃል ተቀባይ ባለ ንብረትን መልስ ካስጠናች ከሥራ ትባረራለች፤ ያዮም ይህን ያውቃል። "አጋለጠኝ!" ብዬ ያን ቀን ሙሉ ስራገም ዋልኩ። ለእሱ አዝኜ እንቅልፍ ላጣሁት እኔ፣ እንዲህ ይደረጋል? ማታ ለባሌ ብነግረው "ትቶት ቢያልፍ እኮ ቀነሰ ማለት ነው" አለኝና እሱንም ተቆጣሁት።

ሴትዮዋ ዘጠነኛው ላይ "አይ" አለች። ከእሷ ኋላ የመጡትም ሁሉ "አይ" አሉ። እያንዳንዳቸው ግን መቅጃዋን ቀና ብለው እያዩ "አላውቅም ነበር፣ ለማወቅ ነው የሄድኩት" ይላሉ። ሁሉም ያንኑ ቃል። ተመልካቹም ይወርሳል፣ እኔም አትማለሁ። በዚያ ክረምት ጨፍላቂው አንድ ቀን አላረፈም።

ነሐሴ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። የቅርንጫፎች ኃላፊው አቶ ፍሬሰንበት ናቸው፤ በዕድሜ ከእኔ በብዙ ያንሳሉ፣ ደግ ሰው ናቸው። ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ሲታይ የተጨነቁ ይመስላሉ።

"እትዬ ዘምዘም፣ አንድ ደስ የማይል ነገር ደርሶኛል" አሉኝ። "ለአንድ ባለ ንብረት መልስ አስጠንተዋል የሚል። ቅጂ የለም። ምስክር የለም። ወሬ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እርስዎን አውቅዎታለሁ። አላልኩም ካሉኝ አሁኑኑ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።"

"ከማን ሰሙት?" አልኳቸው።

"ከሾፌሬ። ሾፌሬ ከአንድ ነጋዴ፣ ነጋዴው ከግመል ጠባቂ፣ ያ ደግሞ ከአማቱ፣ እሷ ኡንዳ ከሚባል ሽማግሌ፣ እሱ ከባለ ንብረቱ። ይገርማል እኮ፣ ሾፌሬ ሰንሰለቱን ሁሉ ቆጥሮ ነው የነገረኝ። ስድስት አፍ ነው። ስድስት አፍ ያለፈ ወሬ ምን እንደሚሆን ይታወቃል።"

"እንዲያው ምን አልኩ ነው የሚሉት?"

ወረቀታቸውን ፈልገው አነበቡልኝ። "'ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት፤ አዎ በልና ውሃህን ይዘህ ሂድ።'"

"ወንድሜ" ማለቴን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ስድስት ሰው፣ ግማሹ አማርኛ በቅጡ የማይናገር፣ በረሃ ለበረሃ፣ ሁለት ወር፣ አንዲት ቃል አልወደቀችም።

አቶ ፍሬሰንበት ይጠብቃሉ። ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶታል። ልጄ ገና ትማራለች። አላልኩም ብል ማን ያየኛል? ማንም። አላልኩም ባልኩ በዚያች ደቂቃ ግን ስድስቱም ውሸታም ይሆናሉ። ሾፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ኡንዳም። ያዮ ደግሞ ከሁሉ በፊት። አንዲት "አዎ" አልዋሽም ብሎ የአርባ አንድ ቤት ውሃ አስጨፍልቆ፣ እኔው ውሸታም ላደርገው ነው። ቁጭ ብዬ ከራሴ ጋር ብዙ ተሟገትኩ፤ እሳቸው ግን በኋላ ከደቂቃ አይበልጥም ነበር ብለውኛል።

"ብያለሁ" አልኳቸው።

"እትዬ ዘምዘም፣ በደንብ አስበውበት ነው? እንደገና ልጠይቅዎት።"

"ብያለሁ። ቃሉም እንዳለ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። ጊዜ ካለዎት ለምን እንዳልኩትም ልንገርዎት።"

ጊዜ ነበራቸው። ከሦስቱ ሥዕል ጀምሬ እስከ ሴትዮዋ ድረስ ነገርኳቸው። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ እያልኩ። ስጨርስ ስለ ሥራዬ የሚሉትን አሉኝ፤ የጠበቅሁት ነው፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ቁልፍ እንዳስረክብ። ሊዘጉ ሲሉ እጃቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ።

"እንግዲህ ሰባተኛው አፍ እኔ መሆኔ ነው" አሉ።

"ነዎት" አልኳቸው። "ለአለቆችዎ ሲናገሩ ደግሞ አይቀንሱ። የእኔንም ጥፋት።"